ትልቁ አምባዛ ቆዳው ሲታመም፦ ከመጀመሪያው ቀን እስኪድን ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰው የአምባዛው ቆዳ ላይ ነጭ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው መድኃኒት ነው። ፋርማሲ ይሄዳል፣ የሰው ካፕሱል ገዝቶ ይመጣል፣ ፈልቅቆ ገንዳው ውስጥ ይበትነዋል። በማግስቱ ውሃው ይደፈርሳል። ፊልተሩ ውስጥ ያለው ጠቃሚ ባክቴሪያ ይጎዳል፣ ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣው አሞኒያ የተባለ መርዝ ይነሳል፣ ዓሣው ይብስበታል። ከዚያ ሌላ መድኃኒት ይጨመራል። ብዙ አምባዛ የሚያልቀው በበሽታው ሳይሆን በዚህ ጥድፊያ ነው።

መመሪያው ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ አምባዛ፣ ሻርክ እየተባለ የሚሸጠውን ፓንጋሲየስ ወይም ትልልቅ ፕሌኮ (በአፉ መስታወት ላይ የሚጣበቀውን) በመስታወት ገንዳ ለምታኖሩ ነው። ከመነሻው አንድ ነገር ያዙ። አምባዛና ፓንጋሲየስ ቅርፊት የላቸውም። ፕሌኮም ጀርባው በአጥንት ጋሻ ቢሸፈን ሆዱ ለስላሳ ነው። ዓሣው የሚከላከለው በቆዳውና ቆዳውን በሸፈነው ዝልግልግ ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ፣ መድኃኒቱም ጭምር፣ በቀጥታ ቆዳው ላይ ያርፋል። ለሌላ ዓሣ የተጻፈ መጠን ለእሱ ብዙ ጊዜ ይበዛበታል።

ዝግጅት

እነዚህን ዓሣው ሳይታመም ገዝታችሁ አስቀምጡ። በሽታው ቅዳሜ ማታ ከጀመረ የት ታገኛላችሁ?

- ቴርሞሜትር
- ግራም በትክክል የሚያሳይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛንና ትልቅ ሲሪንጅ
- የአሞኒያና የናይትራይት መመርመሪያ (ናይትራይት ባክቴሪያው አሞኒያን ሲለውጥ የሚወጣ ሌላ መርዝ ነው)
- ሁለት የአየር ፓምፕ፣ አንዱ በባትሪ የሚሠራ
- ክዳን ያለው ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ርዝመቱ ከዓሣው አንድ ተኩል እጥፍ የማያንስ
- ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች
- ንጹሕ ጨው፣ የላስቲክ ጓንት፣ ለስላሳ ጨርቅ

ዘይት፣ ኦሞ ወይም በረኪና የነበረበትን ጀሪካን አትጠቀሙ። በደንብ ታጠበ ብላችሁም ቢሆን። ውሃውን ቆርቆሮ በርሜል ውስጥም አታሳድሩ፤ ከቆርቆሮው የሚለቀቀው ዚንክ ለዓሣ መርዝ ነው።

ቀጥሎ የገንዳችሁን ውሃ ልክ እወቁ። ርዝመትን በስፋት፣ በውሃው ጥልቀት አባዙና ለ1,000 አካፍሉ፤ ሁሉም በሴንቲሜትር ይሁን። 150 በ60 በ50 ከሆነ 450 ሊትር ይመጣል። ለጠጠሩና ለድንጋዩ አንድ አሥረኛውን ቀንሱ፣ 400 ሊትር ግድም ይቀራል። ቁጥሩን በማርከር ገንዳው ጎን ላይ ጻፉት። ከዚህ በታች ያለው ልክ ሁሉ በእሱ ነው የሚሰላው። በግምት የሚሠራ ሰው ይህን መመሪያ ባያነብ ይሻለዋል።

ደረጃ 1፦ ሳትነኩ እዩ

1. የገንዳውን መብራት አጥፉና አንድ ሰዓት ጠብቁ። አምባዛ ሲደነግጥ ቆዳው ላይ ጥቁርና ፈዛዛ ጥፍጥፍ ያወጣል፤ ብርሃን ሲበዛበትም ይገረጣል። ይሄ በሽታ አይደለም። በጨለማ ተረጋግቶ መልኩ ከተመለሰ ምንም አትጨምሩ።
2. በባትሪ ከጎን እያበራችሁ ተመልከቱ። ብርሃኑ ገደድ ብሎ ሲያርፍ ከፊት ለፊት የማይታየው ነጠብጣብና የዝልግልጉ ውፍረት ቁልጭ ብሎ ይታያል።
3. ጢሞቹን እዩ። ጫፋቸው ካጠረ ወይም ነጭ ከሆነ ውሃው ወይም ጠጠሩ አስቸግሮታል ማለት ነው።
4. የት እንደሚተኛ እዩ። ትልልቅ አምባዛ ማሞቂያው ላይ ተደግፎ ይተኛል። አንድ ጎኑ ላይ ብቻ ቀጥ ያለ ነጭ ወይም ቀይ ጠባሳ ካለ፣ ተቃጥሏል።
5. አተነፋፈሱን እዩ። አምባዛና ፓንጋሲየስ ወደ ላይ ወጥተው አየር መጎንጨት ልማዳቸው ነው፤ በዚያ ብቻ አትደንግጡ። የሚያስፈራው ከወትሮው አብዝቶ ሲመላለስ ወይም የስንጥቡ ክዳን ቶሎ ቶሎ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው።

ፎቶ አንሱ። በየቀኑ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን። ቁስሉ መስፋቱን ወይም መጥበቡን ከትዝታ ይልቅ ፎቶው ይነግራችኋል።

ደረጃ 2፦ የትኛው እንደሆነ ለዩ

*ነጭ ነጠብጣብ።* የጨው ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ነጥቦች፣ ክንፍና ጢም ላይ ጎልተው። ዓሣው ከድንጋይ ጋር ይታከካል። ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ወደ ደረጃ 6 ያደርሳችኋል።

*ጥጥ የመሰለ።* ጸጉር ጸጉር ያለው ነጭ ወይም ግራጫ እድገት፣ ከቆዳው ወደ ውጭ የሚቆም። ፈንገስ ነው። ፈንገስ ብዙ ጊዜ ቀድሞ በተጎዳ ቆዳ ላይ ነው የሚበቅለው። ስለዚህ ጥያቄው «ምን አቆሰለው?» ነው። ደሴ ላይ አንዱ የታወቀ መነሻ ብርድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ውሃው ድንገት ሲቀዘቅዝ የዓሣው መከላከያ ይዳከማል፣ ፈንገሱ ይነሳል።

*ግራጫ-ነጭ ጠፍጣፋ ልባስ።* ከጀርባው ክንፍ ሥር ጀምሮ በሁለቱም ጎን እንደ ኮርቻ የሚወርድ፣ ዳር ዳሩ ቢጫ ወይም ቀላ ያለ። አንዳንዴ አፉ ዙሪያ ይጀምራል። ጥጥ ይመስላል እንጂ ጸጉር የለውም። ኮለምናሪስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ሞቅ ባለ ውሃ በአንድና በሁለት ቀን ይገድላል። ከዝርዝሩ ሁሉ የማያስጠብቀው ይሄ ብቻ ነው። ካያችሁት ደረጃ 3ን ዛሬውኑ ጨርሳችሁ ወደ ደረጃ 7 ሂዱ።

*ቀይ ቁስል ወይም ጉድጓድ።* ሥጋው የሚታይ ከሆነ ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ገብቷል። ውሃውን አስተካክሉና ባለሙያ ፈልጉ።

*ሆድ ሥር መቅላት፣ ክንፍ ላይ የደም ሥር መጉላት፣ ቆዳው ላይ ወፍራም ደመና።* መጀመሪያ አሞኒያን ጠርጥሩ። መድኃኒቱ ውሃ መቀየር ነው።

*የተንጠለጠለ ክር።* ቆዳው ውስጥ የተሰካ ትል ነው። በወረንጦ ከሥሩ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ የወጣበት ቦታ እንዳይመረቅዝ ጨው (ደረጃ 5) ጀምሩ።

ደረጃ 3፦ ውሃውን አስተካክሉ

ከኮለምናሪስ በስተቀር የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሥራ ይሄ ብቻ ነው። በጣም ብዙ የቆዳ ችግር እዚህ ደረጃ ላይ ያበቃል።

1. ምግብ አቁሙ። ትልቅ አምባዛ ለጥቂት ቀን ባይበላ አይጎዳም። የተረፈ ምግብ ካለ አውጡ።
2. አሞኒያና ናይትራይት ለኩ። ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው።
3. በየቀኑ ከውሃው 30 በመቶ ቀይሩ። ለ400 ሊትር 120 ሊትር ነው፣ ማለትም 6 ጀሪካን።
4. የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አትጨምሩ። በተለይ በፈረቃ ጠፍቶ የቆየ ውሃ ሲመጣ ክሎሪኑ ከበድ ሊል ይችላል። ክዳኑን ከፍታችሁ በአየር ፓምፕ እያናፈሳችሁ 24 ሰዓት አሳድሩት። ክሎሪን ማጥፊያ ካላችሁ በጠርሙሱ ልክ ተጠቀሙ።
5. የአዲሱ ውሃ ሙቀት ከገንዳው ከ2 ዲግሪ በላይ አይራቅ።

ደሴ ላይ ሰው የሚሸነፈው 5 ቁጥር ላይ ነው። ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት 14 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ገንዳው ግን 24 ነው። እንዲህ አድርጉ። ጀሪካኑ ውስጥ 17 ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ አስቀሩ። ክሎሪኑ የወጣለትን 2 ሊትር ተኩል ለብቻ አፍሉና፣ ቀዝቃዛውንና የፈላውን ሳፋ ውስጥ አደባልቁ። ከፍታችን 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ድብልቁ ወደ 24 ይመጣል። በቴርሞሜትር ሳታረጋግጡ አታፍስሱ። በእጅ መለካት አይሆንም፤ የቀዘቀዘ እጅ ይዋሻል። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ የተኛች ሞቃት ከተማ ናት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም።

6. ፊልተሩን ከቆሸሸ ብቻ እጠቡት፤ ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ፣ በቧንቧ ሳይሆን። ስፖንጁን ጨመቅ ጨመቅ አድርጉና መልሱ። ውስጡ ጥቁር ከሰል ካለ አውጡት፤ በኋላ የምትጨምሩትን መድኃኒት መጥጦ ይወስደዋል።
7. ስለታም ጠጠርና ድንጋይ አውጡ። ማሞቂያው መከላከያ ወንፊት ከሌለው አልብሱት። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ።

*ካልሠራስ?* ሦስት ቀን ቀይራችሁም አሞኒያው ካልወረደ ገንዳው ለዓሣው ጠቦታል ወይም ፊልተሩ አንሷል። ወደ መድኃኒት አትለፉ። መቀየሩን ጠዋትና ማታ አድርጉት።

ደረጃ 4፦ ዓሣውን መያዝና ማዛወር

ነጭ ነጠብጣብ ከሆነ አታዛውሩት። ተሕዋሱ ገንዳው ውስጥ ስለሚራባ የሚታከመው ገንዳው ነው። ለመድኃኒት ነከራ ወይም ሌሎች ዓሣዎች ቁስሉን እየነከሱ ካስቸገሩ ግን አዛውሩ።

መረብ አትጠቀሙ። የአምባዛ የጎን ክንፍ የፊት ጠርዙ ላይ ጠንካራ እሾህ አለው። ሲደነግጥ ዘርግቶ ይቆልፈዋል፣ መረቡም ይጠላለፋል። ከተጠላለፈ አትጎትቱ፣ መረቡን በመቀስ ቁረጡ።

1. ሳፋውን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ግማሽ ሙሉት። አየር ፓምፑን አስገቡ።
2. የገንዳውን ውሃ ወደ 20 ሴንቲሜትር አውርዱ፣ መብራት አጥፉ።
3. ለሁለት ሁኑ። አንዱ ጠባብ ሳፋ አጋድሞ ውሃው ውስጥ ይያዝ፤ ሌላው በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ዓሣውን ከኋላ ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ይምራው።
4. ከውሃው ጋር አንሱት። በደረቅ እጅና በደረቅ ጨርቅ ቆዳውን አትንኩ፤ ዝልግልጉ ተገፎ ይቀራል።
5. ክዳኑን ግጠሙና ከላዩ ድንጋይ ጫኑ። አምባዛ ዘሎ ይወጣል፣ ወለል ላይም ይሳባል።

ጓንት አድርጉ፤ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ደግሞ ሥራውን ለሌላ ሰው ስጡ። እሾሁ ከወጋችሁ ቦታውን እጥቡና እጃችሁ በሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ አቆዩት። ካበጠና ቅላቱ ከሰፋ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ደረጃ 5፦ ጨው

ለቀላል ቁስል፣ ለፈንገስ መነሻና ለነጭ ነጠብጣብ ይረዳል። ናይትራይት ሲነሳም ዓሣውን ይጠብቀዋል። አዮዲን ያለበት ጨው አይሆንም የሚባል ወሬ አለ። በዚህ መጠን አዮዲኑ አይጎዳም። የማይሆነው ቅመም የተቀላቀለበት ወይም አፈር ያለበት ጨው ነው።

1. የመጀመሪያ ቀን በሊትር 1 ግራም። ለ400 ሊትር 400 ግራም።
2. በማግስቱ ሌላ 1 ግራም በሊትር። ፓንጋሲየስና ፕሌኮ ላይ እዚህ አቁሙ።
3. አምባዛ ከሆነና ደህና ከተነፈሰ በሦስተኛው ቀን 3 ግራም ማድረስ ይቻላል።
4. በዚህ ልክ ከ10 እስከ 14 ቀን አቆዩ።

ጨውን በፍሬው ገንዳ ውስጥ አትበትኑ። ፍሬው ወደ ታች ይሰምጣል፣ አምባዛ ደግሞ ወለል ላይ በሆዱ ነው የሚተኛው፤ ያቃጥለዋል። ጀሪካን ውስጥ አሟሙታችሁ ፊልተሩ ውሃ በሚተፋበት በኩል በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ጨው አይተንም። ውሃ ስትቀይሩ የወጣውን ውሃ ያህል ብቻ ነው የምትተኩት። በ1 ግራም ደረጃ ላይ ሆናችሁ 120 ሊትር ከቀየራችሁ 120 ግራም ብቻ ጨምሩ። ውሃው በትነት ከቀነሰ ያለ ጨው ሙሉት።

*ዓሣው ከተገለበጠ፣ ከተወራጨ ወይም ዝልግልጉ በገፍ ከተላቀቀ* ወዲያው ግማሹን ውሃ በንጹሕና ተመሳሳይ ሙቀት ባለው ውሃ ቀይሩ። በተከታዩ ቀን ጨው አትድገሙ። ሕይወት ያለው ተክል ካላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት አውጡት።

ደረጃ 6፦ ሙቀት፣ ለነጭ ነጠብጣብ ብቻ

ነጥቡ ቆዳ ሥር ሳለ መድኃኒት አያገኘውም። በስሎ ይወድቃል፣ ወለል ላይ ይራባል፣ ከዚያ ልጆቹ እየዋኙ ዓሣ ፍለጋ ይወጣሉ። የሚሞቱት ያኔ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ይህ ዑደት ሳምንታት ይፈጃል፤ በ25 ዲግሪ አካባቢ ጥቂት ቀን ይበቃዋል። «ነጥቡ ጠፋ፣ ድኗል» ብሎ በአራተኛው ቀን ማቆም በሁለተኛው ሳምንት ብሶ እንዲመለስ ነው የሚያደርገው።

1. በቀን ከ2 ዲግሪ ሳትበልጡ እስከ 30 አድርሱ። በዚህ ሙቀት መራባት ያቅተዋል።
2. ሁለተኛውን አየር ፓምፕ ጨምሩ። ይህን አትዝለሉት። ከባሕር ወለል አጠገብ 30 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 7.5 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት የዚያን ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ የሚይዘው 5.5 ገደማ ነው። ከውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግራችሁም።
3. በየሁለት ቀኑ ወለሉን በቱቦ እየሳባችሁ ውሃ ቀይሩ። የወደቀው ተሕዋስ አብሮ ይወጣል።
4. 14 ቀን ሙሉ አቆዩ። ከዚያ በቀን 1 ዲግሪ አውርዱ።

ሱቅ የሚሸጥ የነጭ ነጠብጣብ መድኃኒት መጨመር ካለባችሁ በግማሽ ልክ ጀምሩ። መዳብ ያለበትን አትግዙ።

*በመሃል መብራት ከጠፋ* ባለ ባትሪውን አየር ፓምፕ አብሩ። ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፣ ላዩን ግን ለአየር ክፍት ተዉ። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቁና ከላይ አስራችሁ አንሳፉት። የፈላ አይሁን፣ ዓሣው ይደገፈዋል። መብራት ብዙ ሰዓት ቆይቶ ከመጣ ፊልተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ስፖንጁን በገንዳ ውሃ አለቅልቁ፤ ውስጡ የተኛው ቆሻሻ ካልሆነ ወደ ዓሣው ነው የሚረጨው።

ደረጃ 7፦ ፐርማንጋኔት፣ ለኮለምናሪስና ለከበደ ፈንገስ

ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ፋርማሲ ይገኛል። ጠንካራ ነው። በዓይን ግምት «ሐምራዊ እስኪሆን» ተብሎ የሚጨመር ነገር አይደለም። ሚዛን ከሌላችሁ ይህን ደረጃ ተዉት። ዋናው ገንዳ ውስጥም አትጨምሩት፤ የፊልተሩን ባክቴሪያ ይገድላል።

1. 1 ግራም መዝናችሁ በ1 ሊትር ውሃ አሟሙ። ፍሬ እንዳይቀር በደንብ አማስሉ።
2. ሳፋው ውስጥ ንጹሕ፣ ክሎሪን የሌለው ውሃ በታወቀ ልክ ሙሉ፣ አየር ክፈቱ።
3. በእያንዳንዱ ሊትር የሳፋ ውሃ ከድብልቁ 2 ሚሊሊትር ጨምሩ። ለ100 ሊትር 200 ሚሊሊትር። ቀለሙ ቀላ ያለ ሐምራዊ ይሆናል።
4. ዓሣውን አስገቡና ለ4 ሰዓት ሳትለዩት ተቀመጡ። በሰዓቱ አውጡ። ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ከተንፈራገጠ ወይም ሚዛኑን ከሳተ ሰዓቱን ሳትጠብቁ ወደ ንጹሕ ውሃ መልሱት።
5. ከ2 ወይም 3 ቀን በኋላ አንዴ ድገሙ። ከዚያ በላይ አትሂዱ።

ቀለሙ ቶሎ ወደ ቡናማ ከተለወጠ ውሃው ቆሻሻ ነበር፤ መድኃኒቱ እዚያ ላይ አልቋል። ሌላ አትጨምሩበት። አውጥታችሁ በሌላ ቀን በንጹሕ ውሃ ጀምሩ። ከሌላ መድኃኒት ጋር፣ በተለይ ከፎርማሊን ጋር፣ ፈጽሞ አታደባልቁት። ኮለምናሪስ ላይ ሙቀት አትጨምሩ፤ ባክቴሪያው በሙቅ ውሃ ይፈጥናል። ገንዳውን ቀስ ብላችሁ ወደ 23 አውርዱ፣ ጨው (ደረጃ 5) ጨምሩ።

ባለሙያ ጋ መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው?

ቁስሉ ከጠለቀ፣ ፎቶው በሦስት ቀን ውስጥ መስፋቱን ካሳየ፣ ወይም ሁለተኛ ዓሣ ከጀመረው እንጠብቅ አትበሉ። ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የምትፈልጉት ከቆዳው የተፋቀ ዝልግልግ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ነው። ናሙናው ትኩስ መሆን አለበት፤ ተሕዋሱ ከሞተና መንቀሳቀስ ካቆመ ለመለየት ያስቸግራል። ሞቶ ያደረ ዓሣ ይዛችሁ ብትሄዱ ብዙም አይነግራቸውም።

ቴትራሳይክሊንና መሰሎቹን በራሳችሁ አትጀምሩ። ቴትራሳይክሊን ካልሲየም በበዛበት ውሃ ውስጥ ኃይሉ ይቀንሳል፣ የፊልተሩን ባክቴሪያ ግን ሊጎዳ ይችላል።

ከዳነ በኋላ

ጨውን በውሃ ቅየራ ብቻ ቀስ በቀስ አውጡ። ምግብ በትንሹ ጀምሩ። ከሐይቅ የመጣ ጥሬ ዓሣ የምትመግቡ ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ ለአንድ ሳምንት አስቀምጡት፤ ብዙውን ጥገኛ ተሕዋስ ይገድላል። አዲስ ዓሣ ስትገዙ ለብቻው 4 ሳምንት አቆዩት፣ ሳፋውንና ቱቦውንም ለይታችሁ።

መድኃኒት የገባበትን አምባዛ አትብሉት፣ ለሰውም አትስጡ። ገንዳው የጠበበውን ወይም ያልዳነውን ዓሣ ቦርከና ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁ። በሽታውም ከውጭ የመጣው ዝርያም እዚያ ያለውን ዓሣ ይጎዳል። የሞተውን ዓሣ ውሻ እንዳያወጣው ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፤ የመድኃኒቱን ውሃ ደግሞ መጸዳጃ ቤት ድፉት፣ ጓሮ ካለው የውሃ ቦይ አርቃችሁ።